ወደቡ አንዴ ቦታ ለቋል

ሲያትል የባሕር ዳርቻዋን አሳምራለች። ይህን ለማለት የከተማዋ ሰው መሆን አያስፈልግም። ለጉብኝት የመጣ ዘመድ ይዞ መውረድ ይበቃል። ከፓይክ ፕሌስ ገበያ ተነስቶ እስከ ውሃው ድረስ የሚያወርደው ሰፊ የእግረኛ መንገድ ኦክቶበር 2024 ላይ ተከፍቷል። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) ቀደም ሲል እዚያ ቦታ ላይ የነበረው ባለሁለት ፎቅ የመኪና መንገድ ነው። በ1950ዎቹ የተሠራ፣ ከተማውን ከባሕሩ የጋረደ ግራጫ ኮንክሪት። ከሥሩ ሲያልፉ ድምፁ ጆሮ ያደነቁር ነበር። በፌብሩዋሪ 2001 የመሬት መንቀጥቀጥ አናጋው። ከዚያ በኋላ ይጠገን ወይስ ይፍረስ የሚለው ክርክር ዓመታት ፈጀ። በመጨረሻ መንገዱ በዋሻ ከመሬት በታች እንዲሄድ ተወሰነ። ዋሻው በ2019 መጀመሪያ ለመኪና ተከፈተ፤ የላይኛውም መንገድ በዚያው ዓመት ፈረሰ።

ሥራው በእውነት ተለፍቶበታል። የባሕሩ ግንብ እንደ አዲስ ሲሠራ የእግረኛው መንገድ ላይ ብርሃን የሚያሳልፉ የመስታወት ጡቦች ተገጥመዋል። ትንንሾቹ የሳልመን ዓሦች ወደ ባሕር ሲወጡ ጥላ ያለበትን ቦታ ስለሚሸሹ፣ ከእግረኛው መንገድ ሥር ብርሃን እንዲገባላቸው ታስቦ ነው። ጎንበስ ብሎ ላየው ሰው እያንዳንዱ ጡብ ላይ ትንንሽ ክብ መስታወቶች ተደርድረዋል። ብዙ ሰው ሳያስተውል ይረግጣቸዋል። እኔ ግን እንግዳ ይዤ ስሄድ ሳላሳይ አላልፍም። ለዓሣ ግልገል ይህን ያህል ያሰበች ከተማ ደስ ትለኛለች።

ለዚህም ነው ከዳርቻው ደቡብ፣ በወደቡና በኢንዱስትሪው መሬት ላይ መኖሪያ ቤት ይሠራ የሚባለው ነገር የሚያሳስበኝ።

ከመዝናኛው ዳርቻ ወደ ደቡብ ስትሄዱ የጀልባው ጣቢያ ያልፍና ቀጥሎ አጥር ይጀምራል። ከአጥሩ ማዶ ኮንቴነር፣ ባቡር፣ መጋዘን፣ ከዚያም የሃርበር አይላንድ ረጃጅም ክሬኖች አሉ። በስተምሥራቅ ሁለቱ ትልልቅ ስታዲየሞች ቆመዋል። ከስታዲየሞቹ ወደ ታች ያለው ሰፈር ሶዶ ይባላል። ጋራዥ፣ ብረታ ብረት ቤት፣ የዓሣ ማቀዝቀዣ፣ የዕቃ ማከፋፈያ፣ የባቡር ሐዲድ የሞላበት ሰፈር ነው። ለሽርሽር የሚመረጥ ቦታ አይደለም። የብዙ አበሻ እንጀራ ግን እዚያ ነው።

አሁን ያማረው ዳርቻ ራሱ ወደብ እንደነበር ብዙ ሰው አያስታውስም። ዛሬ ምግብ ቤት፣ የስጦታ ሱቅና አኳሪየም ያለባቸው ፒሮች (ከዳር ወደ ባሕሩ የገቡ መድረኮች) መርከብ ተጠግቶ በሰው ትከሻ የሚራገፍባቸው ነበሩ። በ1960ዎቹ ኮንቴነር መጣ። ኮንቴነር ደግሞ ከመርከቡ ጎን ሰፊ ሜዳ ይፈልጋል። የሚደረደርበት፣ ባቡር የሚገባበት፣ መኪና የሚዞርበት። ጠባቦቹ ፒሮች ከኋላቸው መሬት አልነበራቸውም፤ የቆሙት ከተማው ደጃፍ ላይ ነው። ስለዚህ ወደቡ ወደ ደቡብ፣ ረግረጉ ተደልድሎ ወደተሠራው ሰፊ መሬት ሄደ። ሳን ፍራንሲስኮም ላይ የሆነው ይኸው ነው። እዚያ ግን ሥራው ባሕረ ሰላጤውን ተሻግሮ ኦክላንድ ገባ።

እኛ የምንዝናናበት ዳርቻ የተገኘው ወደቡ አንዴ ቦታ ስለለቀቀ ነው። ጥሩ ሆነ፤ ማንም አልተጎዳም፤ የሚሄድበት ነበረው። ዛሬ ግን ሁለተኛ የሚሄድበት የለም። ከሃርበር አይላንድ ወደ ላይ ዱዋሚሽ ወንዝ ነው፤ የኮንቴነር መርከብ አያስገባም። በከተማዋ ውስጥ ጥልቅ ውሃ፣ ደልዳላ መሬት፣ ሁለት የባቡር ኩባንያና አውራ ጎዳና አንድ ላይ የተገናኙት እዚሁ ብቻ ነው። እኔን የሚያስጨንቀኝ ይህ ነው። ከተማዋ የምትወስነው ሁሉ የሚመለስ ይመስላታል። መጋዘን ፈርሶ አፓርታማ ከቆመ በኋላ ግን አፓርታማውን አፍርሶ መጋዘን የሚመልስ የለም።

አንድ የማውቃቸው ሰው አሉ፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የወደብ ትራክ ነው የሚነዱት። አገር ቤት እያሉ በአዲስ አበባ ጅቡቲ መስመር ተሳቢ ነድተዋል። ስለ ጋላፊ ሙቀትና ስለ ወረፋው ሲያወሩ ደክሟቸው አያውቅም። አንድ ቀን እዚህም ወረፋ እንዳለ ጠየቅኳቸው። “ልጄ፣ ወረፋማ የወደብ ጠባዩ ነው። እዚያ ግን የምንጠብቀው የአገር ዕቃ ነበር። አገሬ ነው የሚገባው ስትይ ሙቀቱን ትችይዋለሽ” አሉኝ። የባሕር በር በሌላት አገር ያደገ ሰው ወደብን እንዲህ ነው የሚያየው። የማዳበሪያው መርከብ ዘገየ ሲባል ገበሬው ምን እንደሚሆን እናውቃለን። ባሕር ያለው ሰው ባሕሩን ለእይታ ብቻ ሲፈልገው ግር ይለናል።

የጋሼን ሥራ ትንሽ ላስረዳ። መኪናው የራሳቸው ነው፤ ዕዳውም እንደዚያው። ክፍያው በሎድ ነው። ኮንቴነሩን ከተርሚናል አንስተው ከሲያትል በስተደቡብ ካሉት ከኬንት ወይም ከኦበርን መጋዘን ካደረሱ ይከፈላቸዋል። ጌት ላይ የቆሙበት ሰዓት ግን የእሳቸው ኪሳራ ነው። በ2012 መጀመሪያ በመቶዎች የሚቆጠሩ የሲያትል ወደብ ሾፌሮች መኪናቸውን አቁመው ለሁለት ሳምንት ገደማ ሥራ ያቆሙት በዚህና በመሳሰለው ነው። ብዙዎቹ የምሥራቅ አፍሪካ ልጆች ነበሩ። ክፍያው አነሰ፤ ኮንቴነሩ የሚጫንበት የኩባንያ ተሳቢ (ቻሲስ) ተበላሽቶ ሲገኝ ቅጣቱ በሾፌሩ ላይ ሆነ፤ ይህን ነበር የሚሉት። በኋላ የጭስ ደንብ መጣ። ከ2019 ጀምሮ ሞተሩ የ2007 ወይም ከዚያ ወዲህ ያልሆነ መኪና ኮንቴነር ተርሚናል አይገባም። ደንቡ ተገቢ ነው፤ ለምን እንደሆነ ወደ በኋላ እመጣበታለሁ። ወጪውን ግን አብዛኛውን የተሸከሙት መኪናውን በዕዳ የገዙ ሰዎች ናቸው።

አሁን ደግሞ ማንም የማያነሳው ጉዳይ አለ። ትራክ ማታ የት ያድራል?

የሲያትል ደንብ ከ80 ኢንች በላይ ስፋት ያለው የጭነት መኪና ከእኩለ ሌሊት እስከ ጠዋቱ 12 ሰዓት በከተማው መንገዶች ላይ እንዳይቆም ይከለክላል። 80 ኢንች ሁለት ሜትር ገደማ ነው። ማንኛውም የወደብ ትራክ ከዚያ ይሰፋል። ደንቡ አንድ በር ትቷል፤ ለኢንዱስትሪ ተብሎ በተከለለ ሰፈር ማቆም ይቻላል። ስለዚህ ማታ ሶዶና ጆርጅታውን ብትሄዱ ተሳቢያቸው ተፈትቶ ጋቢናቸው ብቻ የቀረ ትራኮች ተደርድረው ታያላችሁ። ዳሽቦርድ ላይ ትንሽ ባንዲራ፣ መስታወቱ ላይ የተንጠለጠለ መስቀል ወይም መቁጠሪያ። ባለቤቱ ከዚያ በራሱ ትንሽ መኪና ወይም በባቡር ወደ ቤቱ ይሄዳል። ጠዋት ሲመለስ መጀመሪያ የሚያየው ባትሪው እንዳልተወሰደ፣ ናፍጣው እንዳልተቀዳ ነው።

እንግዲህ አስቡት። “ኢንዱስትሪ” የሚለው ቀለም ከከተማው የመሬት አጠቃቀም ካርታ ላይ በተፋቀ ቁጥር ትራኩ የሚያድርበት መንገድ አብሮ ይጠፋል። ምክር ቤት ውስጥ ስለ ቤት ሲከራከሩ ስለ ጋሼ ማደሪያ የሚያወሩ አይመስላቸውም። እያወሩ ያሉት ግን ስለ እሱም ነው።

ክርክሩ አዲስ አይደለም። አንድ ባለሀብት ሶዶ ውስጥ፣ ከሁለቱ ስታዲየሞች ጎን፣ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ለመሥራት ኦክሲደንታል ከሚባለው መንገድ ላይ የተወሰነው እንዲለቀቅለት ጠየቀ። ወደቡ ተቃወመ። የወደብ ጫኝና አውራጅ ሠራተኞች ማኅበር ተቃወመ። በሜይ 2016 ምክር ቤቱ 5 ለ 4 ውድቅ አደረገው። እምቢ ያሉት አምስቱም ሴቶች ነበሩ፤ ከዚያ በኋላ የወረደባቸው ስድብ ለከተማዋ አሳፋሪ ነበር። ታዲያ ሲያትል አዳራሽ አጣች? አላጣችም። ከመሐል ከተማው በስተሰሜን፣ ስፔስ ኒድል ከሚባለው ግንብ አጠገብ ያለው የድሮው አዳራሽ ጣሪያው ብቻ ተርፎ ከሥር እንደ አዲስ ተሠራና ኦክቶበር 2021 ተከፈተ። አሁን ሆኪ ቡድኑ የሚጫወተው እዚያ ነው። አዳራሹ ሌላ ቦታ አገኘ። ወደቡም ቦታው ላይ ቀረ። ከዚህ የተሻለ ማስረጃ እኔ አላውቅም።

በ2023 ከረጅም ድርድር በኋላ ከተማው አዲስ የኢንዱስትሪ መሬት ደንብ አጸደቀ። ጎተራና ክሬን ብቻ ሳይሆን አነስተኛ አምራቾች፣ የቢራ ጠማቂዎች፣ የእጅ ባለሙያዎች የሚሠሩባቸው ክልሎችም በግልጽ ተለዩ። ስታዲየሞቹ አካባቢ መኖሪያ ቤት አልተፈቀደም። ይህ ለስምምነቱ ትልቅ ነጥብ ነበር። ሁለት ዓመት ሳይሞላው፣ በማርች 2025፣ ምክር ቤቱ ጉዳዩን መልሶ ከፍቶ በዚያው ቦታ ቤት እንዲሠራ 6 ለ 3 ወሰነ። ወደ 1,000 የሚጠጉ ቤቶች ነው የታሰበው፤ ከፊሉ በተመጣጣኝ ኪራይ። የደገፉትም ክፉ ሰዎች አይደሉም። የግንባታ ሠራተኞች ማኅበራት ሥራ ይፈልጋሉ። ስታዲየሙ አካባቢ ጨዋታ በሌለበት ቀን ጭር ይላል፤ ሰው ቢኖርበት ሕይወት ይዘራል የሚሉ አሉ። ክርክሩም በዚያ ድምፅ አላበቃም።

የቤት ጉዳይ ቀላል ነው አልልም። እኛ ራሳችን የተገፋን ሰዎች ነን። ሴንትራል ዲስትሪክት፣ ቼሪና ጃክሰን ላይ የነበረው አበሻ ኪራዩ ሲንር ወደ ሬኒየር፣ ከዚያ ወደ ተክዊላ፣ ሲታክ፣ ኬንት ወርዷል። ሱቁ ቀርቶ ባለሱቁ ርቆ የሚኖርበት ዘመን ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ቤት ይሠራ ሲል እኔ እቃወማለሁ ብሎ መቆም ይከብደኛል። ቢሆንም ቤት የሚሠራበት ቦታ ሞልቷል። ባቡር በሚያልፍበት ሁሉ ፎቅ መጨመር ይቻላል። ሬኒየር ቢች ላይ የኢትዮጵያ ማኅበረሰብ ማዕከል ያለበት ግቢ ውስጥ 90 አፓርታማ ያለው የአረጋውያን መኖሪያ ተሠርቷል። እናቶች ከፎቅ ወርደው በአማርኛ የሚጨዋወቱበት፣ ሐኪም ቤትና ሱቅ ቅርብ የሆነበት። ቤት ማለት ይኼ ነው። ሶዶ ውስጥ ግን ሌሊት ሐዲድ መሻገሪያው ላይ ባቡሩ ያጓራል፤ መሬቱ ተደልድሎ የተሞላ ረግረግ ስለሆነ ምድር ሲንቀጠቀጥ እንደ ውሃ የሚላላ ነው። 2001 ላይ ይህን አይተነዋል። አቅመ ደካማውን እዚያ አስገብተን “ቤት ሰጠናችሁ” ብንል አይገባም።

ቀጥሎ የሚመጣውንም እናውቃለን። ነዋሪ ሲገባ በሌሊት ድምፁ መማረሩ አይቀርም። መብቱ ነው፤ ልጅ ማስተኛት አለበት። ቅሬታው ሲበዛ የሥራ ሰዓት ይገደባል። የመሬቱ ዋጋ ሲንር የመጋዘን ባለቤቱ ይሸጣል። መጋዘኑ ኬንት ሲሄድ ትራኩ ተጨማሪ መንገድ ይነዳል፤ በሎድ የሚከፈለው ሰው ኪሳራው ይጨምራል። ክፋት የሚያስብ ማንም ሳይኖር ሥራው ቀስ በቀስ ይሞታል። ከዋሽንግተን ግዛት ምሥራቃዊ ክፍል የሚመጣው ፖም፣ ድርቆሽና ድንች መውጫው ይጠብባል።

አሁን ስለ ጭሱ። ወደቡ ይኑር የሚል ሰው ይህን ዘሎ ማለፍ የለበትም። ዱዋሚሽ ወንዝ በ2001 አገሪቱ ውስጥ ካሉ በመርዝ የተበከሉ ዋና ዋና ቦታዎች ዝርዝር ውስጥ ገብቷል። ሱፐርፈንድ የሚሉት ነው። በወንዙ ዳር ያሉት ሳውዝ ፓርክና ጆርጅታውን የስደተኛና የዝቅተኛ ገቢ ሰፈሮች ናቸው። በ2013 የወጣ ጥናት የእነዚህ ሰፈሮች ነዋሪ በአማካይ የሚኖርበት ዕድሜ ከከተማው አማካይ በ8 ዓመት፣ ከሀብታሞቹ ሰፈር ከሎረልኸርስት ደግሞ በ13 ዓመት እንደሚያንስ አሳይቷል። 13 ዓመት። አንድ ከተማ ውስጥ፣ በመኪና ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ርቀት። ኢንዱስትሪ ይኑር ስል ይህ ይቀጥል ማለቴ አይደለም። የጭስ ደንቡ ተገቢ ነው ያልኩትም ለዚህ ነው።

ደግነቱ ወደብና ሰው ተጎራብተው መኖር እንደሚችሉ የሚያሳይ ቦታ እዚሁ አለ። ዌስት ሲያትል ውስጥ፣ ተርሚናል 5 አጠገብ፣ ጃክ ብሎክ የሚባል ፓርክ አለ። ድሮ እንጨት በመርዛማ ዘይት የሚነከርበት ቦታ ነበር፤ መሬቱ ተጠርጎ ፓርክ ሆነ። ከፍ ያለው መመልከቻ ላይ ስትቆሙ በአንድ በኩል የመሐል ከተማው ፎቆች፣ በሌላው በኩል የኮንቴነር ሜዳው ይታያል። ልጆች ይወዱታል። አንድ የጓደኛዬ ልጅ ክሬኑ ሳጥኑን አንስቶ መኪና ላይ እስኪያሳርፍ ድረስ አጥሩን ይዞ ትንፋሹን ውጦ ያያል፤ ሲያርፍ ያጨበጭባል። ሳውዝ ፓርክ ውስጥም ቀድሞ የአስፋልት ፋብሪካ የነበረበት የተመረዘ መሬት ተጠርጎ በ2022 የወንዝ ዳር ፓርክ ሆኗል። የሠራው ራሱ ወደቡ ነው። ተርሚናል 5 ሲታደስም መርከቦቹ ቆመው ሞተራቸውን አጥፍተው ኤሌክትሪክ ከየብስ እንዲወስዱ መስመር ተዘርግቶለታል። ይህ ሁሉ የሆነው ሰፈሩ ስለጮኸ ነው። ሥራው በቦታው ቀረ፤ ሰውም ዳርቻ አገኘ።

ስለዚህ የምፈልገው ግልጽ ነው። ጥልቅ ውሃውና ከኋላው ያለው መሬት ለሥራ ይቀመጥ። በ2023 የተደረሰው ስምምነት ይከበር። ለሳውዝ ፓርክና ለጆርጅታውን የሚገባው ጽዳት ይፍጠን፤ ዛፍ፣ ንጹሕ አየር፣ ወደ ውሃው የሚያደርስ መንገድ ይሰጣቸው። ከአፓርታማው በፊት ደግሞ መብራትና ጥበቃ ያለው፣ ሽንት ቤት ያለው የትራክ ማደሪያ ይሠራ። ለሳልመን ግልገል መስታወት የገጠመች ከተማ ይህን አታጣም።

የምክር ቤቱ መደበኛ ስብሰባ ማክሰኞ ከሰዓት 8 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ጋሼ ጌት ላይ ናቸው። ሌሎቹም እንዲሁ። ስለዚህ የሕዝብ አስተያየት ሲሰማ የሚመጣው አልሚው፣ ጠበቃው፣ የማኅበር ተወካዩ ነው። በጽሑፍ ማስገባት ይቻላል፤ በስልክም ይቻላል። እንግሊዝኛው የሚከብደው ካለ እኔ አለሁ፤ ቤተ ክርስቲያንም መስጊድም በር ላይ ጠረጴዛ ዘርግተን እንጽፋለን። ይህን ለጋሼ ስነግራቸው ስለ ወደቡ ታሪክ፣ ስለ ካርታው፣ ስለ ምክር ቤቱ ድምፅ አብራርቼ ነበር። ሰሙኝና “ጥሩ ነው ልጄ፣ ይኼን ሁሉ ጻፊው። መጀመሪያ ግን ማታ የት እንደማቆም ጻፊልኝ” አሉ።

ደብዳቤው የሚጀምረው በዚያ ነው።